ሎር ማለት ረጅም ታሪክ መጻፍ ነውን? ለፋንታሲ ጌም ዓለም ስለመፍጠር

የራሱን የፋንታሲ ጌም ለመሥራት የተነሣ ወጣት፣ ባሕር ዳርም ይኑር ደብረ ማርቆስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ወፍራም ደብተር ይዞ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ዓለሙ እንዴት እንደተፈጠረ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የጥንቶቹን ኃያላን ፍጡራን፣ ከዚያም የነገሥታቱን የዘር ሐረግ፣ ከዚያም በነገሥታቱ መካከል የተደረጉትን ጦርነቶች ከነዓመተ ምሕረታቸው ይዘረዝራል። ደብተሩ ሲሞላ ጌሙ ገና አልተጀመረም። ሲጀመርም ተጫዋቹ ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ አንዱንም አያገኘውም፤ ወይም በመክፈቻው ላይ ተከታታይ ገጾች እንዲያነብ ይደረግና ሳያነብ ቁልፉን ደጋግሞ ተጭኖ ያልፈዋል። ችግሩ የሚመጣው ከጸሐፊው ስንፍና ወይም ከችሎታ ማነስ አይደለም፤ ሎር፣ ማለትም ከጌሙ በስተጀርባ ያለው የዓለሙ ታሪክ፣ ሕግና እምነት፣ በአንድ ጌም ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ በትክክል ካለመረዳት ነው። ከዚህ በታች ያለው ማብራሪያ ያንን ሥራ ከጎጃም ምድር በተወሰዱ ማሳያዎችና ለዚህ ጽሑፍ ሲባል በተፈጠረ አንድ ጌም አማካይነት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

የኋላ ታሪክ፣ ሎር እና የጌሙ ታሪክ በምን ይለያያሉ?

ሦስቱ በጌም ሠሪዎች ንግግር ውስጥ ተቀላቅለው ስለሚነገሩ አስቀድሞ መለየት ይገባል። የጌሙ ታሪክ የሚባለው ተጫዋቹ ከጀመረበት ደቂቃ እስከሚጨርስበት ድረስ በዓይኑ ፊት የሚሆነው ነው። የኋላ ታሪክ ደግሞ አንድ ሰው፣ አንድ መንደር ወይም አንድ ዕቃ ተጫዋቹ ከመድረሱ በፊት ያሳለፈው ነው፤ በር ጠባቂው ለምን አንድ እጅ ብቻ እንደቀረው የሚያስረዳው የኋላ ታሪኩ ነው። ሎር ከሁለቱም ይሰፋል። በዚያ ዓለም እውነት የሆነውንም፣ ሰዎቹ እውነት ነው ብለው የሚያምኑትንም ጭምር ይይዛል፤ መልክዓ ምድሩ፣ ሕጉ፣ እምነቱ፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የአስማቱ ሥርዓት፣ የጠብና የጋብቻ ትስስሩ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ሎር ከልብ ወለድ የሚለየው አቀባበሉ ሌላ በመሆኑ ነው። ልብ ወለድ ደራሲ አንባቢው መጀመሪያ ምን እንደሚያውቅና ቀጥሎ ምን እንደሚያውቅ ገጽ በገጽ ይወስናል። ጌም ሠሪ ግን ተጫዋቹ ወደ ግራ ይሂድ ወደ ቀኝ፣ ሽማግሌውን ያናግር ወይም ገፍትሮት ይለፍ አያውቅም። ስለዚህ ሎሩ በየትኛውም በር ቢገቡበት ከሌላው ክፍል ጋር የሚያያዝ ሆኖ መዘጋጀት አለበት።

በጣና ላይ ከደንገል እስር የሚሠራውን ታንኳ ያየ ሰው የሎርን ድርሻ በቀላሉ ይረዳል። ቀዛፊውና ጭነቱ ከላይ ይታያሉ፤ የሚሸከማቸው ግን ከሥር በውኃው ውስጥ የተነከረው ደንገል ነው፤ እርሱም ውኃ እየጠጣ በሄደ መጠን እየከበደ ይመጣና ታንኳውን ማድረቅ ወይም በአዲስ መተካት ግድ ይሆናል። ሎርም እንዲሁ የማይታየው ክፍሉ የሚታየውን ሊሸከም ይገባል፤ በራሱ ክብደት የሚያሰጥም ሲሆን ግን ጥቅሙ ያበቃል።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

ከተጫዋቹ ሥራ። የመጀመሪያው ጥያቄ “ዓለሙን ማን ፈጠረው?” ሳይሆን “ተጫዋቹ በዚህ ጌም ውስጥ ሲውል የሚሠራው ምንድን ነው?” የሚለው መሆን አለበት። ሥራው መዋጋት ከሆነ ሎሩ ሰዎች የሚዋጉበትን ምክንያት፣ መሣሪያው ከየት እንደሚገኝና የሞተ ሰው ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ይኖርበታል። ሥራው መነገድ ከሆነ መንገዱን፣ ቀረጡንና የማይሸጠውን ነገር ማወቅ ይኖርበታል። ከተጫዋቹ ሥራ ጋር የማይገናኝ ሎር ሊያምር ይችላል፤ ነገር ግን በጌሙ ውስጥ ቦታ የለውም። (የነገሥታት የዘር ሐረግ መጻፍ ደስ የሚያሰኝ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ ብዙ ጌሞችም እዚያው ላይ ቀርተዋል።)

ከተጫዋቹ ሥራ ቀጥሎ የሚመጣው መሬቱ ነው፤ ሰዎች በምን እንደሚጣሉና በምን እንደሚተባበሩ በአብዛኛው የሚወስነው መልክዓ ምድር ስለሆነ። ጎጃም ራሱ ለዚህ ግልጽ ማሳያ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ታጥፎ አገሩን በሦስት በኩል ይከበዋል፤ ሸለቆውም በብዙ ቦታ ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል። ዘመናዊ ድልድይ ባልነበረበት ጊዜ ወንዙ በክረምት ሲሞላ መሻገሪያዎቹ ይዘጉ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ጨው፣ ሙሽራ፣ ሠራዊትና ወሬ ሁሉም የሚያልፉት በጥቂት መሻገሪያዎች ነው። እነዚያን መሻገሪያዎች የያዘ ሰው ንጉሥ ባይሆንም እንደ ንጉሥ ይፈራል። አንድ ጌም ሠሪ ይህን የመሬት አቀማመጥ ብቻ ወስዶ ስሞቹን ሁሉ ቢቀይር እንኳ፣ የሎሩ ግማሽ ከነምክንያቱ በእጁ ገብቷል ማለት ይቻላል።

ከሞጣ ወደ ሰሜን ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነገሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ድልድዩ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይታወቃል፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ክፍሉ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በሁለቱም ጫፍ የቆሙ ወንዶች ገመድ እየጎተቱ ሰውን በአየር ላይ ያሻግሩ ነበር። በዚህ አንድ ቦታ ላይ ሦስት ዘመን አለ፤ የተሠራበት፣ የፈረሰበት፣ ሰዎች ፍርስራሹን ይዘው መኖር የቀጠሉበት። ለጌም የሚጠቅመው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ተጫዋቹ ቀና ብሎ የሚያየውና ሊይዘው የሚችለው ገመዱን ነው። ስለ ቀሩት ሁለት ዘመናት የሚጠይቀው ገመዱን ካየ በኋላ ነው።

አስማት ለምን ሕግ ያስፈልገዋል?

ፋንታሲ ውስጥ አስማት አለ፤ ሕግ የሌለው አስማት ግን ሎርን ያፈርሳል። ጠንቋዩ ያሻውን ማድረግ የሚችል ከሆነ ተጫዋቹ “ታዲያ ለምን ይህን ሁሉ አላስቀረውም?” ብሎ ይጠይቃል፤ ጸሐፊውም መልስ አይኖረውም። ጥሩ የአስማት ሕግ አጭር ነው፤ የማይቻለውን ነገር ለይቶ ይናገራል፤ ፕሮግራመሩም በቀጥታ ወደ ኮድ ሊለውጠው ይችላል።

አሁን ምሳሌ የሚሆነንን ጌም እንፍጠር። በሁለት ደጋ አገሮች መካከል ጥልቅ ሸለቆ አለ። በአንደኛው በኩል በሽታ የሚፈውስ ምንጭ ይፈልቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ውኃው ወንዙን ከተሻገረ ኃይሉ ይጠፋል። ተጫዋቹ በመሻገሪያው ላይ የሚሠራ ገመድ ጎታች ነው። ለፕሮግራመሩ ይህ ሕግ የአንድ መስመር ጉዳይ ነው፤ ዕቃው መስመሩን ሲያልፍ ዋጋው ዜሮ ይሆናል።

ጸሐፊው ግን ከዚህ ሕግ ብዙ ነገር ሊመዝዝ ይችላል። ውኃው ወደ በሽተኛው መሄድ ስለማይችል በሽተኛው ወደ ውኃው መሄድ አለበት፤ ስለዚህ ገመድ ጎታቾች የማንንም ዕድሜ በእጃቸው የያዙ ሰዎች ሆነዋል። የተሻገረ በሽተኛ ሁሉ ወዲያው ስለማይድን በምንጩ ዙሪያ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሰፈር ተቆርቁሯል፤ በዚያ ሰፈር የተወለዱና የወላጆቻቸውን አገር አይተውት የማያውቁ ልጆች አሉ። ኃይሉ የጠፋ ውኃ ከጥሩው ውኃ በዓይን ስለማይለይ በማዶኛው ገበያ በቅል የሚሸጡ አጭበርባሪዎች አሉ፤ በዚያ ውኃ ተማምኖ የሞተ ሰውም አለ፤ የሞተውም ሰው ወንድም ይኖረዋል። የሁለቱም አገር ሰዎች አንዱ ሌላውን “ማዶ” ብለው ይጠራሉ፤ ተጫዋቹም ሲሻገር ትናንት “ማዶ” ሲለው የነበረው አገር “ወዲህ” ይሆንበታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም በዘፈቀደ የተጨመረ አይደለም። “ይህ ከሆነ ሌላ ምን ይሆናል?” የሚለውን ጥያቄ ደጋግሞ በመጠየቅ የተገኘ ነው፤ የሎር ጽሑፍ ዋና ሙያም ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ያለፈ ጦርነት ለጌሙ የሚጠቅመው መቼ ነው?

ጦርነት በሎር ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚጻፍና ከሁሉ ያነሰ የሚሠራ ነገር ነው። ቀኑና የድል አድራጊው ስም ብቻ ሲመዘገብ ተጫዋቹ የሚያደርግበት ነገር የለም።

ከእውነተኛው ታሪክ አንድ ማሳያ እንውሰድ። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እምባቦ ላይ ተዋጉ፤ ምኒልክ አሸነፉ። በዚህ ብቻ ከቆመ የመማሪያ መጽሐፍ መስመር ነው። ምክንያቱ ሲጨመር ግን መልኩ ይለወጣል፤ ሁለቱም ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን፣ በንግድ የበለጸገውን ምድር ለመያዝ ይሽቀዳደሙ ነበር። ውጤቱ ሲጨመር ደግሞ ይበልጥ ይለወጣል፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ፤ የበላያቸው የነበሩት ዐፄ ዮሐንስም ሁለቱ ያለ ፈቃዳቸው በመዋጋታቸው ተቆጥተው ተሸናፊውን ብቻ ሳይሆን አሸናፊውንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። አሁን አንድ ጸሐፊ የሚይዘው ነገር አገኘ። በጦር ሜዳው ያልነበረ የአገው ምድር ገበሬ ግብር የሚያስገባለት ጌታ ተለወጠበት። አሸንፎ የተመለሰ የሸዋ ወታደርም ድሉ ለምን አገር እንዳሳጣ ለቤተሰቡ ማስረዳት ይኖርበታል።

በፈጠራ ዓለምም ለእያንዳንዱ ያለፈ ክስተት የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ዛሬ፣ ተጫዋቹ በሚቆምበት ቦታ፣ ማን በዚህ ምክንያት ሌላ ኑሮ ይኖራል? መልስ የሌለው ክስተት ከደብተሩ ቢሰረዝ ጌሙ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ተጫዋቹ ይህን ሁሉ ሳያነብ እንዴት ያውቃል?

በሚያየው፣ በሚሰማውና በሚያነሣው ነገር። ስም አንዱ መንገድ ነው። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ አዲሱ ስም የመጣው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ነው። በጌም ውስጥም ቀራጩ አንዲትን ከተማ በአዲስ ስሟ፣ አሮጊቷ ደግሞ በድሮ ስሟ ቢጠሯት፣ ማንም ሳያስረዳው ተጫዋቹ እዚህ ሥልጣን ተለዋውጧል፣ ለውጡንም ያልተቀበለ ሰው አለ ብሎ ይገምታል።

የዕቃ መግለጫ ሌላው መንገድ ነው። ተጫዋቹ አንድ ዕቃ ሲያነሣ በስክሪኑ ላይ የምትወጣው አጭር ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ዐረፍተ ነገሮች አትበልጥም። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳርክ ሶልስ የተባለው የጃፓን ጌም በዚህ መንገድ በሰፊው ይታወቃል፤ የዓለሙ ታሪክ አብዛኛው ክፍል የሚገኘው በሰይፎች፣ በቀለበቶችና በልብሶች መግለጫ ውስጥ ተበትኖ ነው። ዳይሬክተሩ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ በደንብ በማያውቀው በእንግሊዝኛ የተጻፉ የፋንታሲ መጻሕፍትን ያነብ እንደነበርና ያልገባውን ክፍል በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል፤ ያንኑ ስሜት በጌሙ ውስጥ ለተጫዋቹ ትቶለታል።

እንዲህ ላለው አጭር ጽሑፍ ጎጃም የቆየ ትምህርት ቤት አለው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያ የሚለማመደው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቤቶች ላይ ላዩን የሚሰማ ሰምና ከሥሩ የተሸሸገ ወርቅ እንዲኖር ይጠበቃል። ሰሙ ብቻውን ትርጉም ሊሰጥ ይገባል፤ ወርቁ ያልገባው ሰሚም ባዶ እጁን አይመለስም። የዕቃ መግለጫም በዚሁ ሥርዓት ቢጻፍ መልካም ነው። በምሳሌ ጌማችን የፈረሰ ድልድይ አለ እንበል፤ ተጫዋቹም ከገደሉ ሥር አንድ መዶሻ ያገኛል፤ መግለጫው እንዲህ ይላል፦ “የግንበኛው መዶሻ። ድልድዩ ሲሠራ አፉ አልተሸረፈም፤ የተሸረፈው ከዚያ በኋላ ነው።” የቸኮለ ተጫዋች አሮጌ መሣሪያ አገኘሁ ብሎ ያልፋል፤ ያስተዋለው ግን ድልድዩን ያፈረሰው የሠራው ሰው ራሱ መሆኑን ይጠረጥራል። ይህን ለመናገር ባለሦስት ገጽ የታሪክ መዝገብ አላስፈለገም።

ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ታሪክ መናገር አለበት?

የለበትም፤ እንዲያውም ባይናገር ይሻላል። በምንጩ በኩል ያሉት ሰዎች ድልድዩን ማዶኞች ውኃውን ለመዝረፍ ሲመጡ አፈረሱት ይላሉ። ማዶኞች ደግሞ ምንጩን ለብቻቸው ሊይዙት ሲሉ እነርሱ አፈረሱት ይላሉ። ገመድ ጎታቾች ስለ ጉዳዩ መናገር አይወዱም፤ ድልድዩ ቢጠገን እንጀራቸው ይቀራልና። ሦስቱም የሚናገሩት ወይም የማይናገሩት ከጥቅማቸው ጋር የሚሄድ ስለሆነ ያሳምናል።

ይህ የሚሠራው ግን ጸሐፊው እውነቱን ሲያውቅ ብቻ ነው። በእኛ ጌም ግንበኛው ድልድዩን ያፈረሰው አጭበርባሪዎቹ ኃይሉ የጠፋውን ውኃ በእርሱ ድልድይ ላይ እያሻገሩ መሸጣቸውን ለማስቆም ነው፤ ድልድዩ ከፈረሰ በኋላ ግን በሽተኞቹም ያለ ገመድ ጎታቾች መሻገር አቃታቸው። ይህ በአዘጋጆቹ ሰነድ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ ይቀመጣል፤ በጌሙ ውስጥ ግን ማንም አይናገረውም። ጸሐፊው ራሱ መልሱን ሳያውቅ “ምሥጢር ነው” ብሎ የተወው ነገር በተቃራኒው ቶሎ ይታወቃል፤ ፍንጮቹ ወደ አንድ ቦታ ስለማያመሩ ተጫዋቹ እንደተታለለ ይሰማዋል።

ከአገር ቤት ትውፊት መውሰድ ይቻላል?

ይቻላል፤ አርዓያም አለ። ካሜሩን ያውንዴ የሚገኘው ኪሮኦ ጌምስ በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኦሪዮን የተባለ ጌም ከአፍሪካ ባህሎች ተነሥቶ የራሱን ፋንታሲ ዓለም የፈጠረ ነው፤ ዘንዶና ግንብ ያለበትን የአውሮፓ መካከለኛ ዘመን መቅዳት ግዴታ አለመሆኑን አሳይቷል።

ነገር ግን ጥንቃቄ የሚጠይቁ ሁለት ነገሮች አሉ፤ እኔም በዚህ ላይ ሐሳቤን ሳልደብቅ እናገራለሁ። አንደኛው ቅዱስ የሆነው ነገር ነው። ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ዛሬም ምእመናን ጸበል የሚጠጡበት ቦታ ነው፤ በጣና ቂርቆስም ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመወሰዱ በፊት በዚያ ደሴት እንደቆየ የሚናገረው ትውፊት የገዳሙ ሕያው እምነት ነው። ታቦትን ተጫዋቹ ሰርቆ የሚሮጥበት ዕቃ ማድረግ ብዙዎችን ያስቀይማል፤ ከዚህም በላይ የፈጠራ ስንፍና ነው። ከቅዱሱ ነገር ላይ ስሙንና አካሉን ሳይሆን የሚሠራበትን ሥርዓት መውሰድ ይቻላል፤ ሁሉም ሰው ሊያየው የማይችል፣ ጠባቂው ብቻ የሚቀርበው፣ ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ የሚሰግድለት ነገር በማንኛውም ፈጠራ ዓለም ውስጥ ኃይል አለው።

ሁለተኛውና የከፋው በሰዎች ላይ የተለጠፈው መጥፎ ስም ነው። ባለ እጅ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ “ቡዳ” እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ በጣና ዳር የሚኖሩትና የታንኳ ሥራ ባለሙያ የሆኑት ነገደ ወይጦም ከጎረቤቶቻቸው መገለል ደርሶባቸዋል። ይህን እምነት ወስዶ በጌም ውስጥ ሌሊት ጅብ የሚሆን የአንጥረኞች ነገድ መፍጠር ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን በእውነተኛ ሰዎች ላይ ያለውን ጉዳት በአዲስ መልክ ማደስ ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን መንካት ከፈለገ ሎሩን በተቃራኒው በኩል ሊያዞረው ይችላል፤ ሁሉም የሚፈልገውን ማረሻና ጦር የሚሠራ ሰው ለምን ከማኅበሩ ማዕድ እንደተገለለ፣ ከዚህስ መገለል ማን እንደተጠቀመ ተጫዋቹ እንዲደርስበት ማድረግ ይቻላል።

ምን ያህል ይበቃል? ማንስ ይጠብቀዋል?

ሎር የሚጻፈው ለተጫዋቹ ብቻ አይደለም፤ ለሰዓሊው፣ ለሙዚቀኛውና ለፕሮግራመሩም ነው። ሰዓሊው የገመድ ጎታቾችን ልብስ ሲሥል መዳፋቸው የተላጠ መሆኑን፣ ወገባቸውን በጠፍር እንደሚታጠቁ ማወቅ አለበት፤ የማዶኛውን ንጉሥ አያት ስም ግን ማወቅ አያስፈልገውም። ስለዚህ አንድ የጋራ ሰነድ ይዘጋጃል። በውስጡ የአስማቱ ሕግ፣ ካርታው፣ ከጌሙ መጀመሪያ በፊት የሆኑ ጥቂት ዋና ዋና ክስተቶች፣ የስሞች ዝርዝር፣ እንዲሁም ማን ምን እንደሚያምንና እውነቱ ምን እንደሆነ ይሰፍራል። ለትንሽ ቡድን ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ገጽ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማንም አያነበውም፤ ያልተነበበ ሰነድም እርስ በርሱ የሚጋጭ ጌም ይወልዳል።

ሰነዱን የሚጠብቅ አንድ ሰው መመደብ አለበት። ፕሮግራመሩ ለጌሙ ጣዕም ሲል በማዶኛው ገበያ የሚፈውስ ውኃ ቢጨምር፣ ያ ሰው አይቶ ወይ ውኃውን ያስወጣዋል፤ ወይ ሕጉን ከነውጤቱ ሁሉ ይለውጠዋል።

ጌሙ ሲሞከርም ሰነዱን አንብቦ የማያውቅ ሰው ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ያህል ከተጫወተ በኋላ “ድልድዩን ማን አፈረሰው?” ተብሎ ይጠየቅ። “የቱን ድልድይ?” ካለ ሎሩ አልታየም ማለት ነው፤ መዶሻው ከገደሉ ሥር ወጥቶ ተጫዋቹ በሚያልፍበት መንገድ ላይ መቀመጥ አለበት። ግንበኛውን ሳያመነታ ከጠራ ደግሞ ፍንጩ በዝቷል፤ ከመግለጫው ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አንዱ ይቀነሳል። ምንጩ ዘንድ ያሉትን ከጠረጠረ፣ ከዚያም ስለ መዶሻው ትዝ ብሎት “ቆይ እስቲ” ብሎ ወደ ገደሉ ለመመለስ ከጠየቀ፣ ሰነዱ እንዳለ ይቀመጥ።